ቆጥ ላይ የወጣው ፓምፕ

ሰው በዚህ ዕድሜው ወረፋ ላይ ቆሞ ክው ይላል? እኔ አልኩ። የእህቴ ልጅ ቦንጋ ለሚያስተምር ሰው ተድራ፣ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ "ጋሼ ካልመጣህ ልጁ ክርስትና አይነሳም" ብላ አስጨነቀችኝና ሄድኩ። እዚያው ሳለሁ ባንኩ አዲሱን የአሻራ መታወቂያ አምጣ እያለ በየሳምንቱ የሚልክብኝ መልእክት ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ወረፋው የትየለሌ ነው፤ ቦንጋ ግን ቢበዛ አሥር ሰው ነው ብዬ በጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። አሥር ሳይሆን ሠላሳ ሰው ጠበቀኝ። ከፊቴ አንድ ረጅም ሽማግሌ አረንጓዴ ካፖርትና የጎማ ጫማ አድርገው፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ቆመዋል። ተራቸው ደረሰና ትንሿ መስታወት ላይ ጣታቸውን ጫኑ። ማሽኗ ጢጥ አለች፣ ቀይ አበራች። መዝጋቢዋ ልጅ "አባባ፣ ይጥረጉና እንደገና ይጫኑ" አለቻቸው። ጠረጉ፣ ጫኑ፤ ጢጥ፣ ቀይ። በሶፍት ራሷ ጠረገችላቸው፣ ሌላ ጣት ሞከረች፣ ሌላ እጅ ሞከረች። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አጉረመረምኩ። ትዕግሥት የለኝም፣ ሚስቴን ጠይቁ። ምን ሆነው ነው ብዬ በትከሻቸው በኩል አሻግሬ ስመለከት እጃቸውን አየሁት። መዳፉ ልሙጥ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ መስመር የሚባል ነገር የለበትም፤ የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ተጣብቀው ታጥፈዋል። ክው ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ያን እጅ አውቀዋለሁ። መጨረሻ ሳየው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ደርግ ወድቆ፣ ክልል የሚባለው ነገር መጥቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ታፔላውን ሲቀይር የነበረበት ጊዜ ነው። እኔ የምቆጥረው በሌላ ነው፤ ቦንጋ ሻይ በስሙኒ፣ ክፍል ኪራይ በወር ሠላሳ ብር በነበረ ጊዜ። ናዝሬት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ ፍለጋ ጫማዬን ስጨርስ፣ አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ለጥገና ክፍሉ ተለማማጅ ይፈልጋል ተባለ። አንድ ዓመት የእርሻ ውኃ ፓምፕ ጥገና ከተማርክ የምስክር ወረቀት ይሰጥሃል፣ በምስክር ወረቀቱ ሥራ ታገኛለህ። ቦታው ካፋ። እናቴ ስትሰማ ሳቀች። ካፋ ዝናብ አገር አይደለም ወይ፣ መስኖ ምን ያደርግላቸዋል አለች። እኔም ከጅማ የተነሳው አውቶቡስ ጎጀብን ተሻግሮ ጫካው ውስጥ ሲገባ፣ ዝናቡም መስኮቱን ሲደበድበው፣ እናቴ እውነቷን ነው፣ ይሄማ ለቀባሪው ማርዳት ነው አልኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ለተከላ የተዘጋጀው የቡና ችግኝ መደቡ ላይ እንዳለ ይጠወልጋል፤ ወንዙ ግን እዚያው ከሥር ገደል ውስጥ እየተንጎራጎረ ይሄዳል። ሴቶች ዳገቱን በእንስራ ሲመላለሱ ይውላሉ። ፓምፑ ያንን ውኃ ወደ ላይ ይገፋል። ስምንት ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ነበሩን፤ በስምንት ገበሬዎች እጅ፣ በየወንዙ ዳር። የእኛ ሥራ እነሱን በሕይወት ማቆየት ነበር።

የዚያን ጊዜ ቦንጋ! መናኸሪያው አጠገብ አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ዝናቡ ጣራውን ሲመታው ዘፈኑን ከፍ ያደርጋል፣ ሲያባራ ይቀንሳል፤ ዝናቡ ስለማያባራ ከተማው ሁሉ የእሱን ምርጫ ሲሰማ ይውላል። እኔ እስከ ዛሬ በቃሌ የማውቃቸው ዘፈኖች በሙሉ የዚያ ሰውዬ ምርጫ ናቸው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ዳገቱ ጥግ ላይ ልብስ ሰፊው አለ፤ የመጀመሪያ ቱታዬን የሰፋልኝ እሱ ነው፣ ሰማያዊ፣ ለካቻቪቴና ለፒንሳ የሚሆን ጠባብ ኪስ ጭኑ ላይ ያለው። እሑድም እለብሰው ነበር። ልብስ አጥቼ አይደለም፤ ሰው እንዲያይልኝ ነው። ካቻቪቴው ከኪሴ ብቅ ብሎ ካልታየ መንገድ ወጣሁ አልልም። ዛሬ ያንን ጥግ ፈልጌ አጣሁት፤ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሞበታል፣ ከሥሩ የሞባይል መሸጫ። ዳገቱ ግን አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኔ ትንፋሽ ነው።

እርጥበቱን ግን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። እዚያ አገር ያልተነካ ነገር ሁሉ ይሻግታል። ከናዝሬት ይዤው የመጣሁት ጥቁር ጫማ በሳምንቱ አረንጓዴ ጢም አበቀለ። ክብሪት ብብት ሥር ካልተያዘ አይጫርም። አከራዬ እትዬ ጽጌ ቱታዬን አጥበው፣ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ይሰቅሉልኝ ነበር፤ ጭስ ጭስ እየሸተትኩ ሥራ እገባለሁ። እዚያ አገር ደረቅ ቦታ ማለት እሱ ነው፣ ከእሳቱ በላይ ያለው ቆጥ። የዘር በቆሎው፣ ጨው፣ በርበሬው፣ የልጆቹ የክርስትና ልብስ፣ የመሬት ግብር ደረሰኙ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ሱሪዬ ሳይቀር የሚውለው እዚያ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ አላውቅም ነበር እንዳልል።

አለቃዬ ጋሽ ታፈሰ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸውን አዋሽ ዳር ባለ የጥጥ እርሻ፣ ቤት የሚያካክሉ የናፍታ ፓምፖች ሲጠግኑ የጨረሱ፣ ቀጭን፣ የሱፍ ቆብ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የፓምፕ ዕቃ በናፍታ ከማጠብ በቀር ምንም አላስነኩኝም። በአራተኛው ወር የካቻቪቴ ጫፍ የፓምፑ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረጉና ምን ይላል አሉኝ። ይጮኻል አልኩ። እሱንማ እኔም ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ፣ ምን ብሎ ነው የሚጮኸው አሉኝ። ጤነኛ ኩሽኔታ ዝም ብሎ እንደሚያንጎራጉር፣ የታመመው ጥርሱን እንደሚያፋጭ ለመለየት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሁሉን ነገር የሚጽፉበት ሰማያዊ ደብተር ነበራቸው፣ ባማረ የቁም ጽሑፍ። ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይይዙታል። የአዋሽ ዘመናቸው በሙሉ እዚያ ደብተር ውስጥ ነበር።

ከስምንቱ ገበሬዎች የምወዳቸው አቶ አደሎን ነው። ከዋጫ ከተማ ወዲያ፣ የፕሮጀክቱ ፒክአፕ ከሚቆምበት የግማሽ ቀን መንገድ በእግር የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነበር ቤታቸው። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ አማርኛቸው "አንተ"ን እና "አንቱ"ን የሚያቀላቅል፣ ችግኝ የሚያፈሉ፣ ንብ የሚያነቡ ሰው። አንድ ቀን ፓምፓቸው ውኃ አልስብ አለ። ካንዴላውን ፈታሁ፣ ካርቡራተሩን ፈታሁ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ፈታሁ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና ተነስተው ቤት ገቡ። አንድ ጉርሻ የሚያህል ሰም ይዘው መጡ። በመዳፋቸው አሽተው አለሰለሱትና የመምጠጫ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ዙሪያውን ለጠፉት። አየር የሚያስገባው እዚያ ጋ ነበር ለካ። አስነሳሁት፣ ውኃው ተንደቅድቆ ወጣ። ለጋሽ ታፈሰ ስነግራቸው እስኪያነቡ ሳቁና ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ከዚያም በኋላ እንኳ አቶ አደሎ እኔን "ኢንጂነር" ማለታቸውን አልተዉም። ሌሎቹም ከእሳቸው ተቀብለው ኢንጂነር አሉኝ። ተለማማጅ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ስሙ ጣፈጠኝ።

መጋቢት ሲጋመስ ዝናቡ ጀመረ፤ ፓምፖቹ የሚያርፉበት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ስምንቱ ገበሬዎች አጠባበቁ እንዲነገራቸው ቦንጋ ወርክሾፓችን ተጠሩ። ጋሽ ታፈሰ መለዋወጫ ለማምጣት ጅማ መውረድ ግድ ሆነባቸው። ደብተሩን ሰጡኝና "የማከማቻውን ገጽ አንብብላቸው፤ ገልብጠህ ጨርስ" አሉኝ። ደብተሩን በእጄ ሲያስይዙኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቱታዬን አስተኮስኩ። በርሜል ላይ ቆሜ ማንበብ ቀረኝ እንጂ ሌላውን ሁሉ አድርጌዋለሁ። አንደኛ፣ ፓምፑ ውስጥ የቀረው ውኃ ይፍሰስ። ሁለተኛ፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ሰልባትዮው፣ እስከ አፉ ይሞላ፤ ባዶ ከሆነ በእርጥበት ይዝጋል። ሦስተኛ፣ ማሽኑ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። እኔም ጨረስኩ መስሎኝ ደብተሩን ዘጋሁት። ለየሰዉ አንድ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ሰጠናቸው። አቶ አደሎ እጃቸውን አወጡና ደረቅ ማለት ምን ያህል ደረቅ ነው ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ሞኝነት መሰለኝ። በጣም ደረቅ፣ ጠብታ እርጥበት የማይደርስበት፣ ቤታችሁ ውስጥ ካለው ሁሉ ደረቅ የሆነው ቦታ አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ።

ቀጥሎ የርክክብ ወረቀት ላይ አሻራ ማሳረፍ ነበር። ወረቀቱ የሚለው ማሽኑን ተረክቤያለሁ ብቻ ነው። አቶ አደሎ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ከማድረጋቸው በፊት ይህ ምን ማለት ነው አሉኝ። ማንም እንዲህ በል ያለኝ የለም፤ የራሴ ምላስ ነው። "ማሽኑን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃለሁ፣ ቢጠፋ ቢበላሽ እኔን ጠይቁኝ ማለትዎ ነው" አልኳቸው። አውራ ጣታቸውን አዩት። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የሚምል ሰው እንደሚያደርገው ቀጥ ብለው ቆመው ተጫኑት። ደስ አለኝ፤ ነገሩን በደንብ አስረዳሁ ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

ሐምሌ ላይ ጋሽ ታፈሰና እኔ ፓምፖቹ እንዴት እንደከረሙ ለማየት ወጣን። መጀመሪያ የሄድነው ለከተማው ወደሚቀርበው፣ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ወዳለ ቤት ነው። ዝናብ ነው፣ ገባን። ምድጃው ይነዳል፣ ድስቱ ውስጥ ጎደሬ ይፍለቀለቃል፣ አራት ልጆች እሳቱን ከብበዋል። ባልየው ገበያ ወርዷል። ጋሽ ታፈሰ ፓምፑ የት አለ ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ በኩራት ፈገግ ብለው በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱን። ቀና አልኩ። ፓምፑ ቆጡ ላይ ነው። ቀይ ቀለሙ ጥላሸት ለብሶ ጠቁሯል፤ እንዳይወድቅ በጠፍር ታስሯል፤ ከነዳጅ ቧንቧው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ እሳቱ በበራ ቁጥር ታብለጨልጫለች። እስከ አፉ የተሞላ ቤንዚን ነው። ከሥሩ እሳት፣ ከእሳቱ ዙሪያ ሕፃናት። ሴትዮዋ ትንሽ ይሸታል እንጂ ደህና ነው፣ አንድ ጠብታ ዝናብ አልነካውም ይሉናል።

ጋሽ ታፈሰ አልጮኹም። ዛሬም ድረስ የሚገርመኝ ይህ ነው። ጭሱ ዓይናቸውን እንዳስቸገራቸው ነግረው፣ ልጆቹን ይዘው በረንዳው ላይ ቢያስቀምጡን ምን ይመስላቸዋል ብለው በትሕትና ለመኑ። ሴትዮዋ እንግዳ ማክበር መስሏቸው ልጆቹንም ድስቱንም ይዘው ወጡ። ከዚያ ጋሽ ታፈሰ ጎንበስ አሉና የሚነደውን እንጨት አንድ በአንድ፣ እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው እየያዙ፣ በጓሮ በር አውጥተው ጭቃው ላይ ሰኩት። ፍሙን አመድ አለበሱት። እሱ ሁሉ እስኪሆን ያቺ ጠብታ እንዳትወድቅ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም፤ በዓይን የሚያዝ ይመስል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ እስቅ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልሳቅኩበትም። አወረድነው፣ ቤንዚኑን አፈሰስን። ጋሽ ታፈሰ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ለመሆኑ እዚያ አስቀምጡት ያላችሁ ማነው አሉ። ሴትዮዋ በአክብሮት እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉና ኢንጂነሩ ናቸው፣ እስከ አፉ ሙሉት፣ ከቤታችሁ ደረቁ ቦታ አድርጉት ብለው ባሌን አስተምረውታል አሉ።

ጋሽ ታፈሰ ደብተሩን ከፌስታሉ አወጡ። ገጹን ገለጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አናቱ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ "ለናፍታ ሞተር" ይላል። አላየሁትም ነበር። ቅጠሉን ገለበጡት። ከጀርባው "የቤንዚን ከሆነ ግን ነዳጁ ተንጠፍጥፎ ይውጣ፤ እሳት ባለበት ቤት አይግባ" ይላል። ገልብጠህ ጨርስ አላልኩህም ወይ አሉኝ። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የጎማ ጫማቸውን እያጠበቁ ሰባት ቀርተዋል፣ ተነስ አሉኝ።

አራት ቀን ሄድን። ፒክአፑ ጭቃው የሚፈቅድለት ድረስ ይወስደናል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ የወንዝ ሙላት እስኪጎድል ቆመን እየጠበቅን፣ አልቅት ከእግራችን እየነቀልን። ሁለተኛው ቆጥ ላይ ነበር። ሦስተኛውም ቆጥ ላይ። አራተኛዋ ባልቴት የእኔ ቤት ያፈሳል ብለው ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሰጥተውት፣ ከጧፉ ክምር ጎን አገኘነው፤ ጋሽ ታፈሰ አማተቡ። አምስተኛው ሰውዬ ቤንዚኑን ገና ሚያዝያ ላይ ለሞተር ሳይክል ነጂ ሸጦታል። አንገቱን ደፍቶ ሲናዘዝ አቅፌ ሳምኩት፤ ሌብነት እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። ስድስተኛውና ሰባተኛው ቆጥ ላይ ነበሩ። በገባንበት ቤት ሁሉ ያው ነው፤ ሰዎቹ ያልኳቸውን አንድም ሳያጎድሉ አድርገዋል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የታዘዘልኝ ሰው አላየሁም፣ በኋላ ያስተማርኳቸውን ተማሪዎቼንም ጨምሮ። መጨረሻ የቀሩት ሩቁ ነበሩ፣ አቶ አደሎ።

ቤቱን ከማየቴ በፊት ሸተተኝ፤ የተቃጠለ ሣር ዝናብ ሲመታው የሚሸተው ሽታ። ዳገቱን ስንጨርስ ምሰሶው ብቻውን ቆሟል። ዙሪያው አመድ ነው፣ አመዱ ላይ ይዘንባል። ጋሽ ታፈሰ ክንዴን ይዘው ወደ ጎረቤት ቤት ወሰዱኝ። የአቶ አደሎ ሚስት እትዬ አበበች ሲያዩን ከበረንዳው ወርደው ዝናቡ ውስጥ መጡ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ሁሉም ወጥተዋል አሉን። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አጣምረው ጎንበስ አሉ።

"ይቅር በሉን። የመንግሥትን ማሽን አቃጠልን። እሱ ጎተራ ውስጥ ይሁን ብሎ ነበር፤ ቆጥ ይሻላል ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ቀን በፊት በቀትር ነው፤ ቤንዚኑ ከቆጡ ምድጃው ላይ ተንጠባጥቦ። ሁሉም በደህና ከወጡ በኋላ አቶ አደሎ ፓምፑ ውስጥ መሆኑን ሲያስታውሱ ተመልሰው ገቡ። ጎረቤት ሲይዛቸው ፈርሜበታለሁ ብለው አመለጡት። የሚነደውን ብረት በእጃቸው ተሸክመው ወጡ። ቤት ውስጥ ስንገባ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ሁለቱም እጆቻቸው ማር ተቀብተው በኮባ ቅጠል ተጠቅልለዋል። ፊታቸው በሕመም ጠውልጓል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ። "ኢንጂነር፣ አወጣሁት። ግን የሚሠራ አይመስለኝም" አሉኝ። በመስኮት በኩል አየሁት፤ ግቢው ውስጥ ጠቁሮ የተኮማተረ ብረት፣ ዝናብ እንዳይነካው ቁርበት አልብሰውታል።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ጊዜ፣ እዚያ ቤት ውስጥ፣ "ምንም አይደለም፣ ዋናው ነፍስ ነው" አልኳቸው። በርኅራኄ ድምፅ። ይቅር አልኳቸው! እኔ! እሳቸውን! እትዬ አበበች እጄን ይዘው መረቁኝ፤ እኔም ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው መልሼ አለመዋጤን ነው።

ጎረቤቶቹ በቃሬዛ እስከ መኪናው ተሸከሟቸው፣ ቦንጋ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሲመሽ ጋሽ ታፈሰ ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ አቁመውኝ ሪፖርቱን እኔ እጽፋለሁ፣ ጥፋቱ የጥገና ክፍሉ ነው እላለሁ፣ ስምህ አይነሳም አሉኝ። ቀጠሉና "ለሰውዬው የምትነግራቸው ግን አንተ ነህ። ሪፖርት እሳቸው ቤት አይደርስም" አሉ። እሺ አልኩ። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋቸው፣ ብርቱካን ይዤ። ሁለቱንም ጊዜ እትዬ አበበች ራስጌያቸው ተቀምጠው ያባብሏቸዋል፤ ብርቱካኑን አስቀምጬ እወጣለሁ። ነገ እላለሁ። ነገ የሚባለው ነገር አልቆ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። በዓመቱ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ ጋሽ ታፈሰ ወደ አዋሽ ተመለሱ፣ ቆይቶም ማረፋቸውን ሰማሁ። እኔ የምስክር ወረቀቴን አገኘሁ፣ ማዕረጉም በጣም ጥሩ ይላል። በእሱ ወረቀት ሥራ ገባሁ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ልጆች አሳደግኩበት። ለአዲስ ተማሪዎች ሁሌ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ገበሬው ቤት ገብታችሁ ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ነው። ይስቃሉ። ሽማግሌው መምህር ቀልድ ጀመሩ ይላሉ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። እነሆ ወረፋው ላይ ያ እጅ ከፊቴ ነው። መዝጋቢዋ በሥራው ብዛት ተሰላችታ ምን ሆነው ነው እጃቸው እንዲህ የሆነው ብላ ልጃቸውን ጠየቀቻት። ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ሕፃን ሳለች ቤታቸው ተቃጥሎ ነው። አባቷ ከዚያ ወዲህ ቢሮ የሚባል ረግጦ አያውቅም። ማዳበሪያ ሲታደል ስሙን አያስጽፍም፣ ስብሰባ ሲጠራ ጫካ ይገባል። የመንግሥት ማሽን አቃጥያለሁ፣ አሻራዬ እነሱ ዘንድ አለ፣ ካገኙኝ ይጠይቁኛል ይላል። ዘንድሮ እሷ አልቅሳ፣ ግድ ብላ ነው ያመጣችው። አቶ አደሎ ይህ ሁሉ ሲወራ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡ ነበር። ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ማሽኑ ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው" አሏት።

ያንን ስሰማ ወደ ፊት ተጠጋሁ። "አይደለም" አልኩ። ዞረው አዩኝ። አንተ ማነህ አሉኝ። ስሜን ብነግራቸው ምን ያደርግላቸዋል? ያን ስም ድሮም አልጠሩትም።

"ሰልባትዮውን ሙሉት፣ ደረቅ ቦታ አድርጉት ያልኳችሁ ልጅ ነኝ። ቤንዚኑ መፍሰስ ነበረበት፤ ገጹን ሳልገልጥ ነው ያነበብኩላችሁ። እናንተ ያልኳችሁን ነው ያደረጋችሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ማንም አይጠይቅዎትም፣ ያኔም የሚጠይቅዎት አልነበረም።"

አቶ አደሎ ትክ ብለው አዩኝ፤ ሽበቴን፣ ከዚያ ዓይኔን። "ኢንጂነሩ" አሉ፣ ለራሳቸው። ልጃቸው የሰማችውን በካፍኛ ደግማ ልታስረዳቸው ስትል በእጃቸው አስቆሟት፤ ገብቷቸዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ ምንኛ በወደድኩ።

"የአበበች ጥፋት አልነበረም?" አሉኝ።

"አልነበረም" አልኩ።

ያንን ልሙጥ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። "እጄን ባየች ቁጥር ታለቅስ ነበር" አሉ። ቀጥለውም "ይህን ሳትሰማ ሞተች" አሉኝ። ቁጣ አልነበረውም ድምፃቸው። ለእንግዳ ሰው መንገድ እንደማሳየት ያለ ነበር።

መዝጋቢዋ ጣት እንቢ ካለ በዓይን ይሆናል ብላ ሌላ መሣሪያ አመጣች። ዓይንዎን ሳይጨፍኑ ይመልከቱ አለቻቸው። ዓይናቸው እርጥብ ስለነበረ ሦስት ጊዜ ሞክራ ነው ያነሳላት። ከዚያ ወንበሩን ለቀቁ፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ወጡ። ወደ እኔ አልዞሩም። ልከተላቸው ፈለግኩ፤ ምን ብዬ?

መዝጋቢዋ "ቀጣይ" አለች። ቀጣዩ እኔ ነበርኩ። ተቀመጥኩና እጄን መስታወቱ ላይ ዘረጋሁ። አሥሩም ጣቶቼ በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ።